አንዱን ፈቅዶ ሌላውን ማዘግየት ተቃርኖ አይደለም

የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ከባድ ውሳኔዎች ላይ ድምፅ ሰጠ። ማክሰኞ ጁን 17 ቀን፣ በእንግሊዝና በዌልስ የራሷን ጽንስ ያቋረጠች ሴት በወንጀል እንዳትጠየቅ በ379 ለ137 ድምፅ ወሰነ። ዓርብ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ አይኖሩም የተባሉ አዋቂ ሕሙማን ሕይወታቸውን ለማብቃት የሐኪም እርዳታ እንዲያገኙ የሚፈቅደውን ረቂቅ በ314 ለ291 አሳለፈ። ሁለቱም ጉዳዮች ከዚያ ወደ ጌቶች ምክር ቤት ተላለፉ።

የማክሰኞውን ውሳኔ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ለዓርቡ ግን ሕሙማን ዛሬ ባሉበት ሁኔታ እጄን አላነሳም። እንዲህ ስል «አቋምህ እርስ በርሱ ይጋጫል» የሚሉኝ አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። ጽንስ ሲቋረጥ ፈቃዱን ያልተጠየቀ ሌላ ሕይወት አለ፤ በሐኪም እርዳታ በሚመጣ ሞት ግን የሚሞተው ራሱ ጠያቂው ነው። ከባዱን የፈቀደ ሰው ቀላሉን በምን አንደበት ይከለክላል?

ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ገመድ ማሰር ግን ምን እንደሚያስከትል የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ያሳያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 የጽንስ ማቋረጥን መብት ሲያጸና፣ ሰው ስለ ሕልውናው ትርጉም ራሱ የመወሰን ነፃነት እንዳለው ጠቅሶ ነበር። በ1996 አንድ የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ሐሳብ ተጠቅሞ የዋሽንግተን ግዛት በሐኪም እርዳታ መሞትን የከለከለበትን ሕግ ሻረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዓመቱ፣ ግላክስበርግ በሚባለው ጉዳይ፣ ሽረቱን በሙሉ ድምፅ ገለበጠው፤ በሕገ መንግሥቱ በስም ያልተጻፈ መብት በአገሪቱ ታሪክና ወግ ውስጥ ሥር የሰደደ መሆን አለበት አለ። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በጁን 2022፣ ያው ፍርድ ቤት ይህንኑ መለኪያ አንሥቶ ከ1973 ጀምሮ የነበረውን የጽንስ ማቋረጥ መብት አፈረሰ። ለሟቹ ጥያቄ የተሠራው መስፈሪያ የሴቲቱን መብት ለመንፈግ ዋለ።

ስለዚህ «ምርጫ» እና «ሕይወት» የሚሉትን መፈክሮች ትቼ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መንግሥት እምቢ ሲል በዚያ ሰው ላይ ምን ይደርስበታል?

በ2012 በአየርላንዷ ጋልዌይ የ31 ዓመት የጥርስ ሐኪም በ17ኛ ሳምንት እርግዝናዋ ጽንሱ መውረድ ጀመረ። እንደማይተርፍ ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር። እንዲቋረጥላት ጠየቀች፤ የጽንሱ የልብ ትርታ ገና ስላልቆመ አይሆንም ተባለች። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት ከ1983 ጀምሮ የእናትንና የጽንስን በሕይወት የመኖር መብት እኩል አድርጎ ነበር። ትርታው እስኪቆም ሲጠበቅ ሴቲቱ ደሟ ተመርዞ በቀናት ውስጥ ሞተች። በኋላ የተደረገው ምርመራ የሕክምና ክትትሉን ጉድለት አጋልጧል፤ የሕጉን ግልጽ አለመሆንም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ መዝግቧል። ሕዝቡ በሜይ 2018 አንቀጹን በ66.4 በመቶ ድምፅ አነሣው።

የጽንስን ሕይወት ቀላል ነገር አላደርገውም። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ጽንሱ በእኛ ላይ ያለው መብትም ይጨምራል፤ አየርላንድ ራሷ ያለ ምክንያት ጥያቄ የምትፈቅደው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። ነገር ግን የሴትን አካል በእስር ዛቻ ለወራት ማስገደድ፣ ሐኪሟንም ከበሽተኛው ይልቅ ዐቃቤ ሕጉን እንዲፈራ ማድረግ፣ ሌላ ምንም እምቢታ የማያስከትለው ጭካኔ ነው።

ሞትን በተመለከተ እምቢታው ይህን አያደርግም። አእምሮው የተስተካከለ ሰው በብዙ አገሮች ሕክምና አልፈልግም ማለት፣ የመተንፈሻ መሣሪያው እንዲነሣለት ማዘዝ፣ ስቃዩን የሚያደነዝዝ መድኃኒት መጠየቅ ይችላል። የሚከለከለው ገዳዩ መድኃኒት ብቻ ነው። «ብቻ» ስል ግን ይከብደኛል፤ ዳያን ፕሪቲ አለችና። ይህች እንግሊዛዊት ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን በሚያጠፋ ሕመም ሽባ ሆና፣ ባሏ እንድትሞት ቢረዳት እንዳይከሰስ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተች። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2002 በሕይወት የመኖር መብት የመሞትን መብት አይጨምርም ብሎ ፈረደባት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በፈራችው ዓይነት የመተንፈስ ችግር ተይዛ አረፈች። ለእርሷ የሚሆን መልስ የለኝም፤ በሩ ለዘላለም ይዘጋ የማልለውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈራኝ ከእርሷ በኋላ የሚሰለፈው ሰው ነው። በኦሬገን ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ጥንቁቅ ነው፤ ሁለት ሐኪሞች ያረጋግጣሉ፣ ታማሚው በቃልም በጽሑፍም ይጠይቃል፣ መድኃኒቱን የሚወስደውም በራሱ እጅ ነው። ማዘዣውን ካገኙት ሲሦ ያህሉ መድኃኒቱን ሳይወስዱት ይሞታሉ፤ አጠገባቸው መኖሩ ብቻ ፍርሃታቸውን አቅልሎላቸዋል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የግዛቲቱ ዓመታዊ ሪፖርት እንደሚያሳየው ታማሚዎቹ ከሚያነሡት ምክንያት ሁሉ የበላዩ የሕመም ስቃይ አይደለም። የራስ አዛዥነትን ማጣት፣ ሕይወትን የሚያስደስቱ ነገሮች መቅረታቸው ይቀድማል። በቅርብ ዓመታት ከሦስት ሰዎች ከአንዱ በላይ ለቤተሰቤ ሸክም እሆናለሁ የሚለውንም ይጠቅሳል። ይህን ስጋት ካንሰር አያመጣውም። ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጠው ልጁ ሥራ እንዳረፈደች፣ የነርስ ክፍያው ቤቱን እንደበላው ሲያይ ነው የሚያድርበት።

ካናዳ በ2016 ስትጀምር የተፈጥሮ ሞቱ የቀረበ ሰው ብቻ ነበር የሚፈቀድለት፤ በ2021 ሞቱ ላልቀረበም ፈቀደች። በ2023 በዚህ መንገድ የሞቱት 15,343 ናቸው፤ በዚያ ዓመት ከሞቱት መቶ ሰዎች አምስት ሊሞሉ ጥቂት ቀራቸው። የአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ሕጉን አጥብቀው ተቃወሙ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። ሕጉ ሞቱ ላልቀረበ አመልካች የሚደረገው ምዘና ቢያንስ 90 ቀን እንዲፈጅ ያዝዛል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ቤትና የሚያጥበው ሰው በስንት ቀን እንደሚያገኝ ግን ያው ሕግ የቆረጠው ቀነ ገደብ የለም።

የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት በ2025 ያሳለፈው ረቂቅ አንድ ጥሩ ሐሳብ ይዟል። ከሁለቱ ሐኪሞች በኋላ ጉዳዩን የሕግ ባለሙያ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ያሉበት ጉባኤ ያየዋል። የሚጠይቀው ግን ታማሚው የመወሰን ችሎታ አለው ወይ፣ ማንም አስገድዶታል ወይ የሚለውን ነው። ችሎታ ያለውና ያልተገደደ ሰውም ቢሆን የሌሊት ነርስ ስለሌለው ብቻ ሞትን ሊጠይቅ ይችላል። የሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን የሚያስታምሙት የአገሪቱ ሆስፒሶች ደግሞ አብዛኛውን ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከበጎ አድራጊዎች መዋጮ ነው። ጉባኤው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የማስታገሻ ሕክምና ሐኪም ከታማሚው አልጋ አጠገብ እንዲቀመጥ፣ የሌሊት ነርስም በመንግሥት ወጪ በቀናት ውስጥ እንድትመደብ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠው። ያን ጊዜ ሁለቱን ቀምሶ አሁንም ልሙት ለሚል ሰው እጄን አነሣለሁ።