ምስጋና ለጣት

ባለሙያ ጠበቃ ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥበትን ውል በግማሽ ሰከንድ ጨርሳ «እስማማለሁ» የምትል ጣት ትመስገን! ዓይን የሶፍትዌሩን የፈቃድ ውል ርዕስ እንኳ ሳይጨርስ እሷ ተስማምታ፣ ፈርማ፣ ወደ «ቀጥል» ተሻግራለች። አንዳንድ አምራች ጽሑፉ እስከ ታች ካልወረደ ቁልፉን አደብዝዞ ያቆየዋል፤ ለእሷ ግን አንድ ጊዜ ሽቅብ መግፋት ነው፣ አለቀ።

ደግሞስ ቢነበብ ምን ሊገኝ? ሶፍትዌሩ «ተፈቀደ» እንጂ «ተሸጠ» እንደማይል ነው። ገንዘቡ የባለጣቱ፣ ዕቃው የአምራቹ። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው አንቀጽ (ዓይን እንዲይዘው ነበር የተተለቀው፣ ምስኪን) ፕሮግራሙ «እንዳለ»፣ ማለትም ከነጉድለቱ፣ እንደሚሰጥ፣ የዓመት ሥራ ቢያጠፋም ካሳው ብዙ ጊዜ ከተከፈለው ዋጋ እንደማያልፍ ያውጃል። ውስጡን ፈታትቶ ማየት ክልክል ነው። ውሉን አምራቹ ሲሻው ይለውጠዋል፤ መጠቀም የቀጠለ ተስማምቷል።

የጣት ታሪክም አኩሪ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ፒሲ ፒትስቶፕ የተባለ ኩባንያ ውሉ ውስጥ «በዚህ አድራሻ ለጻፈልን ገንዘብ ልንሰጥ እንችላለን» የሚል ሐሳብ ሸጎጠ። አራት ወር አለፈ፣ ከ3,000 ጊዜ በላይ ወረደ፤ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። 1,000 ዶላር ተሰጠው፣ ከሃዲ! በ2010 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው የቪዲዮ ጌም መደብር ጌምስቴሽን በኤፕሪል ፉል ቀን የገዢውን የማትሞት ነፍስ ለራሱ የሚያደርግ አንቀጽ ቢጨምር 7,500 ያህል ሰው ነፍሱን ሰጠ። ያልፈለገ ምልክት የሚያደርግባት ሳጥን ነበረች፤ ላደረገባትም የ5 ፓውንድ ኩፖን ተዘጋጅቶ ነበር።

ምርጫ የለም የሚሉ ይዋሻሉ። «አልስማማም» የሚል ቁልፍም አለ፤ መስኮቱን ይዘጋዋል። ፕሮግራሙ ሲጫንም «የሚመከር» እና «በምርጫ» የሚሉ ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ። በሁለተኛው የሚሄድ ሰው ቀድመው ምልክት የተደረገባቸውን ሳጥኖች ያገኝና ያልጠራውን የብሮውዘር ተጨማሪ፣ ያልመረጠውን የመፈለጊያ ገጽ ያስቀራል። ጣት ግን «የሚመከር» ላይ ተጭና ሁሉንም ታስጭናለች፤ ከሳምንት በኋላ ባለቤቷ «ቫይረስ ገባብኝ» ይላል። ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥ ደግሞ ፋይሉ ሌላ ፕሮግራም በማያነበው ቅርጸት እንደተቆለፈ ይቀራል። ሳያቋርጡ በፊት ብዙ ፕሮግራም ወደሚያነባቸው ቅርጸቶች፣ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ኦዲኤፍ፣ ገልብጦ ማስቀመጥ የፈሪ ሥራ ነው።

የሚያበሳጩት የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካወጀ ወዲህ አራት ነፃነት ይቆጥራሉ፣ ያውም ከዜሮ ጀምረው፦ ለፈለጉት ዓላማ ማስኬድ፣ መርምሮ ማስተካከል፣ ማባዛት፣ ያሻሻሉትን ማካፈል። ጂፒኤል የሚሉት ፈቃዳቸው ጭራሽ ፕሮግራሙን ለማስኬድ ብቻ ከሆነ ውሉን መቀበል አያስፈልግም ይላል። ታዲያ ጣት ምን ትሥራ? ደግነቱ በዊንዶውስ ላይ ሲጫኑ ብዙዎቹ ነፃ ፕሮግራሞች ይህንኑ ጂፒኤል ከነ«እስማማለሁ» ቁልፉ ይደቅኑታል፤ እሷም ሳታነበው ትስማማለች።