ጨዋታው ሄዶ ጌሙ ቀረ

የመንዝና የተጉለት፣ የቡልጋና የምንጃር፣ የመርሐቤቴና የይፋት ልጆች፣ ከሁሉም በላይ የኔው የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ያስቀይማችሁ ይሆናል። ተቀየሙኝ፤ ግን አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን ጠባሴ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ገባሁ። ብርዱን ሽሽት ነው የገባሁት፤ የኅዳርን ውርጭ ለናንተ አልነግራችሁም። ድሮ እንዲህ ያለ ቤት ደጃፉ ላይ ሳይደርሱ ጩኸቱ ይቀበላል። አሁን ዝም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ ዝም አይልም። ስድስት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ጋቢ የተከናነበ አለ፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አፍንጫው የዘጋ አለ፤ ስድስቱም ጆሯቸውን ደፍነው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ለምን እዚህ ድረስ መጡ ብትሉ ዋይፋይ አለ፣ ቻርጅ አለ። ሁለቱ ትከሻቸው ተነካክቷል። አንደኛው ተመትቶ ሲወድቅ ስክሪኑ ላይ አየሁት፤ ያኛውም የሚጫወተው ያንኑ ጌም ነው። «አብራችሁ ናችሁ?» አልኩት። ኤርፎኑን ካንድ ጆሮው ነቀለና «እ?» አለኝ። ደገምኩለት። የጎረቤቱን ስክሪን ገልመጥ አደረገና «አይ፣ እሱ ከሌሎች ጋር ነው» ብሎኝ መልሶ ደፈነው።

ቴሌቪዥኑ ሥር ፕሌይስቴሽኑ አለ። ሁለቱ ጆይስቲኮች ገመዳቸው ላያቸው ላይ ተጠምጥሞ ተጋድመዋል፤ የአንደኛው መዘወሪያ ተነቅሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩም አቧራ ጠጥቷል።

እስኪ ንገሩኝ፣ ይሄ ጨዋታ ነው?

በኛ ቋንቋ እኮ ጨዋታ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። እንግዳ ሲመጣብን «ተጫወቱ እንጂ» የምንለው ኳስ ልናወጣለት አይደለም፣ አውራን ማለታችን ነው። «ጨዋታ አዋቂ» የምንለው ሰው ምናልባት በዕድሜው ካርታ ነክቶ አያውቅም። ገና ሲደርስ ሩር ይመታል፣ ነገር ግን ግማሹ ፍልሚያ ያለው ከዱላው ላይ ሳይሆን ከአፍ ላይ ነው፤ ወዲህ ማዶ ያለው ወዲያ ማዶ ያለውን በግጥም ይሞልጨዋል፣ ጌታውም ሳይቀር ይነካል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚያ ነው። ዳማም ብትወስዱ ቆርኪ የሚገፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሚጫወተው ግን ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ነው። አንዱ ይመክራል፣ አንዱ ያናድዳል፣ አንዱ «አይ አንተ፣ በላህ እኮ!» ብሎ ሚስጥር ያወጣል። ወሬው ከጨዋታው ላይ የተለጠፈ ጌጥ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ወሬውን ቢያወጣብን በአማርኛ ከቃሉ ግማሹን ሰርቆናል ማለት ነው።

ያ ሰው መጥቷል፤ ከመጣም ቆይቷል። «የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን» የምትሉ ጆሮ ስጡኝ (ዓመቶቹን የምጠራው በነሱው አቆጣጠር ነው)። ኦንላይን ጌም ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ሰርቨር (ጨዋታውን የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ተከራይተው፣ ስም አውጥተውለት፣ ደንብ ጽፈውለት፣ ማታ ማታ ያው የሚተዋወቀው ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ያደርጉት ነበር። ከዝርዝሩ መርጠህ ትገባለህ። ትናንት የረታህ ሰው ዛሬም እዚያው ይጠብቅሃል፣ በስምህ ጠርቶ ይቀልድብሃል። የሚያጭበረብር ከመጣ የቤቱ አስተዳዳሪ ያስወጣዋል። በ2004 ሄይሎ 2 የሚባለው የተኩስ ጌም ኤክስቦክስ በሚባለው የጌም ማሽን ሲወጣ ግን ተጫዋቹ ቤት መምረጡ ቀረና ችሎታውን አስልቶ ከሚመጥነው ጋር የሚያገጥመው ማሽኑ ሆነ። ያኔ ቢያንስ ጨዋታው ሲያበቃ የተጋጠሙት ሰዎች ትንሽ የሚያወሩባት አዳራሽ ቀርታለች። በ2009 ኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር 2 ለኮምፒውተር ሲወጣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር ማቋቋማቸውን ጭራሽ ዘጋው፤ ቢጮኹም የሰማቸው የለም። በ2015 ሄይሎ 5 መጣና አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት ከፍሎ ጎን ለጎን መጫወትን አወጣው። ወንድምህ አጠገብህ ካለ እንግዲህ ሌላ ማሽን፣ ሌላ ቴሌቪዥን፣ ሌላ ዲስክ ይግዛ።

መዳቢውን ማሽን ክፉ ነው አልልም። ፈጣን ነው፣ አይሰለችም። ነገር ግን በየጨዋታው አዲስ ሰው ያመጣልህና ሲያልቅ ይበትናችኋል። የረታህን አትበቀለውም፣ ያዳነህን አታመሰግነውም። ሚኒባስ ነው በሉት፤ ረዳቱ ጠቅጥቆ ያስገባሃል፣ ትወርዳለህ፣ ጉልበቱ ጉልበትህን ሲነካ የነበረውን ሰውዬ መልኩን አታስታውሰውም። ደግሞ ሰው የመሰለህ ሁሉ ሰው አይደለም፤ ፎርትናይት የሚባለው ጌም በ2019 ቦት፣ ማለትም ሰው መስሎ የሚጫወት ፕሮግራም፣ ማስገባቱን ራሱ ተናግሯል። እኛ እዚህ «አምስት ገደልኩ» ብለን እንፎክራለን። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

ከዚያ ደግሞ መሰብሰቢያዎቹ በየተራ መዘጋት ጀመሩ። ሶኒ በ2008 ፕሌይስቴሽን ሆም የሚባል ሰው በምስሉ እየተዘዋወረ የሚገናኝበት ሰፈር ከፈተ፣ በ2015 ዘጋው። ሕፃናት የሚያወሩበት ክለብ ፔንግዊን ከ2005 እስከ 2017 ኖረና ተዘጋ። የኒንቴንዶ ተጫዋቾች የሚያወሩበት ሚቨርስ በዚያው በ2017 ተከተለው። በ2020 መጀመሪያ ዊንዶውስ 7 ውስጥ የነበሩት ኦንላይን ዳማና ካርታ ጠፉ። ይሄን የኢንተርኔት ቤት ትውልድ ያውቀዋል፤ በዚያ ዳማ መናገር የምትችለው ተዘጋጅተው የተቀመጡ ጥቂት ሐረጎችን ብቻ ነበር፣ እኛ ግን በነሱም ቢሆን እንቀልድ ነበር። በዚያው ዓመት ኮንግሪጌት የሚባለው የጌም ድረ ገጽ የቻት ክፍሎቹን አነሳ። በ2021 ፕሌይስቴሽን 4 «ኮሚዩኒቲስ» ያለውን የተጫዋቾች ማኅበር መፍጠሪያ አስወገደ። አንዱም ለምን ተዘጋ ተብሎ ጉባኤ አልተጠራም። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ መብራቱ ይጠፋል።

ምክንያታቸውን አላጣነውም። ሰው በሚያወራበት ቦታ ስድብ አለ፣ ሕፃናትን የሚያጠምድ ክፉ ሰው አለ፣ ያንን የሚጠብቅ ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። ወሬ ደግሞ እንደ ተሸጠ የጌም ልብስና መሣሪያ ገንዘብ አያመጣም። ልጆቹን መጠበቁ ተገቢ ነው፣ እስከዚህ እስማማለሁ። ግን እኛ አገር እድር ላይ የተሳደበ ሰው ይቀጣል፣ ካልታረመም ይባረራል፤ አንዱ ተሳደበ ተብሎ እድሩ ፈርሶ አያውቅም። እነሱ ዳኛ መቅጠሩ ሲወደድባቸው ሸንጎውን አፈረሱት።

አሁን የራሴን ልናገር፣ እናንተን ብቻ ስገሥጽ እንዳልውል። ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በአንድ የጨዋታ ድረ ገጽ ካርታ እጫወት ነበር። እዚያ ከድሬዳዋ የሚገባ አንድ ልጅ ነበረ። ሁለት ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ተጫውተናል። የኔን ብርድ በሱ ሙቀት ስንለዋወጥ፣ እኔ ባና ተከናንቤ እንደምተይብ ስነግረው እሱ በጀርባው ላብ እየወረደ እንደሆነ ሲነግረኝ እንስቅ ነበር። አባቱ የታመሙ ጊዜ የነገረው ለኔ ነው። አንድ ቀን ብገባ ካርታው አለ፣ ማውሪያው የለም። ተቃዋሚ ተመደበልኝ፣ ስሙ ቁጥር ነው። የልጁን እውነተኛ ስም ጠይቄው አላውቅም፤ ስልኩንም አልያዝኩም። ነገ አለ ብዬ ነዋ! አባቱ ይዳኑ አይዳኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድረ ገጹን ስወቅስ ኖርኩ። ግን ወዳጄን የሰው ጎተራ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፉ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ለዚህ ነው የምቆጣችሁ። እናንተም ያንኑ እያደረጋችሁ ነው፣ ያውም ከኔ ብሳችሁ። እኔ ቢያንስ አወራ ነበር።

በኛው አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ የጠፋ ጊዜ የሆነውን ረሳችሁት? ስልክ ላይ ያለው ጌም፣ ብቻህን የምትጫወተው እንኳ ሳይቀር፣ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ፊቱን ያዞረ ስንቱ ነው! ገንዘብ የተከፈለበት ሁሉ ተዘግቶ ተቀመጠ። ፈረንጆቹም ይሄን ቀምሰውታል፤ ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም በነሱ አቆጣጠር በ2014 ወጥቶ በ2024 መጋቢት መጨረሻ ሰርቨሩ ሲዘጋ የገዛው ሰው ለብቻውም ቢሆን ሊነዳ አልቻለም። እኛ ግን በዚያ ክረምት አንድ ነገር አይተን ነበር። ያ አቧራ የጠጣ ጆይስቲክ ከእጅ እጅ ሲዞር ከረመ። አሮጌው ኳስ ጌም፣ ተጫዋቾቹ ግማሾቹ ጡረታ የወጡበት፣ ኢንተርኔት አልጠየቀንም። ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተረኛ ይቀመጣል፣ የቀረው ቆሞ ያብጠለጥላል። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆሞ አየ፣ ማንም አላናገረውም፣ እሱም አልተናገረም። በአራተኛው ቀን አንዱ ተረኛ ሳንቲም አጥሮት ሲነሳ «አንተ፣ ና ያዝ» ተባለ። ሰባት ለባዶ ተሸነፈ። ሰባት ለባዶ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ «ሰባት» ሆነ፣ እስከ ዛሬ ሰፈሩ የሚጠራው በሱ ነው፣ እሱም ሲጠሩት ይስቃል። ዳታው ሲመለስ ቤቱ ባዶ ሆነ ማለት አልችልም፤ ሞልቷል። ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው የሞላው።

አባቶችና እናቶች፣ ስለ ልጆቹ ስናገር ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው አይደል? እናንተስ? «ውጭ ከሚውል ቤት ይዋልልኝ» ብላችሁ ስልኩን የገዛችሁለት እናንተ ናችሁ። ጌም ቤቱን «የዱርዬ ቤት» ያላችሁት፣ ልጁ ከዚያ ሲወጣ ጆሮውን የጎተታችሁት እናንተ ናችሁ። አሁን ቤት ነው፤ አጠገባችሁ ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው ጋር፣ ምናልባትም ከማሽን ጋር ይታኮሳል። ቡና ሲጠራ አይሰማም። እናንተም ከሦስተኛው በፊት ፌስቡክ ታያላችሁ፣ እኔ አይቻችኋለሁ።

ጌም ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ በሰዓት የምታስከፍሉ፣ ለያንዳንዱ ወንበር በኮምፔርሳቶ ግርግዳ መከለል ጀምራችኋል። «ደንበኛው እንዳይረበሽ» ትላላችሁ። ሊረበሽ እኮ ነው የመጣው! ብቻውን መሆን ቢፈልግ አልጋው ውስጥ ብርድ ልብሱን ለብሶ አይጫወትም ነበር?

እናንተ ልጆች፣ የምትወዱትን ጌም ተዉ አላልኳችሁም። እኔም አልተውኩም። ግን ዛሬ ማታ ስትገቡ፣ ደጋግማችሁ አብራችሁት የምትጫወቱትን አንዱን ሰው ስምህ ማነው በሉት። የት ሰፈር ነህ በሉት። አዲስ አበባም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ ካመናችሁት ስልኩን ተቀበሉና በወረቀት ጻፉት፤ አዎ በወረቀት፣ ስልክም ይጠፋል። ታናናሾቻችሁ ግን ለማያውቁት ሰው ስልክ እንዳይሰጡ፤ ለነሱ የምታውቁትን የሰፈር ልጅ ጥሩላቸው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ያንኑ ጌም የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ኤርፎኑን ንቀሉና ባንድ ቡድን ግቡ፤ ሲሞትም ስቁበት።

የጠባሴውን ጌም ቤት ባለቤት ያቺን በፕላስተር የታሰረች ጆይስቲክ አሠራት ብየው ነበር። «ማን ይነካታል ብለህ ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ አልኩት፣ የማሠሪያዋንም ግማሽ ሰጠሁት። ከናንተ አንዱ ይምጣና ይግጠመኝ። ተሸናፊ ይከፍላል፤ ሰባት ለባዶ ከሆንኩም ስሙን ከልጁ ጋር እካፈላለሁ።