እርማት፦ የ2017ቱን ዋንጫ ኤንሲኤኤ አልሰጠም

ስለ ሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤፍ) የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ብዙዎቻችሁ ስትጽፉ አየሁ። የአስተያየቶቹ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ «የ2017ቱን ዋንጫ ኤንሲኤኤ (የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ለአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሰጥቷል፤ ዩሲኤፍ ራሱን ሻምፒዮን ያለው ከመሬት ተነስቶ ነው።»

በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ግን ኤንሲኤኤ በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ዲቪዚዮን የሻምፒዮና ዋንጫ አይሰጥም። በቅርጫት ኳስ ይሰጣል፤ ስህተቱ የሚመጣው ምናልባት ከዚያ ይሆናል። አላባማ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫ ያነሳበት ፕሌይኦፍ (በዚያ ወቅት አራት የተመረጡ ቡድኖች የተጫወቱበት የዋንጫ ውድድር) የሚመራው በሌላ አካል ነው።

ኤንሲኤኤ የሚያደርገው መመዝገብ ነው። የተለያዩ ደረጃ አውጪዎች አንደኛ ያሏቸውን ቡድኖች በሪከርድ መጽሐፉ ያሰፍራል። ከእነዚህ አንዱ ኮሊ ማትሪክስ የተባለው የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ በዚያ ዓመት አንደኛ ያደረገው ዩሲኤፍን ነበር። ቡድኑ 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፏል። በፒች ቦውል (በወቅቱ ማብቂያ በሚደረግ ጨዋታ) 34 ለ 27 የረታው ኦበርን ደግሞ በዚያው ወቅት አላባማንም ጆርጂያንም ያሸነፈ ቡድን ነው። (ይቺን ነገር የዩሲኤፍ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ አይረሷትም!)

ማጣራት ቀላል ነው። የኤንሲኤኤን የፉትቦል ሪከርድ መጽሐፍ ክፈቱና 2017ን ፈልጉ፤ የአላባማንም የዩሲኤፍንም ስም ታገኛላችሁ።

አላባማ ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም በሜዳ የተገኘውን ዋንጫ አስበልጣለሁ። «ዩሲኤፍ ምንም መዝገብ ላይ የለም» ማለት ግን ልክ አይደለም። ዋንጫውን ኤንሲኤኤ ይሰጣል ከሚለው ስህተት የተነሳ ደግሞ ዩሲኤፍ ከፕሌይኦፉ ውጭ በመቅረቱ የተናደዱ ሰዎች ቁጣቸውን ኤንሲኤኤ ላይ ያወርዳሉ፤ አራቱን ቡድኖች የመረጠው ግን የፕሌይኦፉ ኮሚቴ ነው።