ማስተካከያ፦ ስፔስሺፕቱን የሰበረው የሞተር ፍንዳታ አይደለም

መንገደኞችን ወደ ጠፈር ለመውሰድ ለቨርጂን ጋላክቲክ ኩባንያ ስለተሠራው መንኮራኩር፣ ስለ ስፔስሺፕቱ፣ ባወጣነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2014 በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ላይ የደረሰውን አደጋ በሮኬት ሞተሩ መፈንዳት አሳበናል። ስህተት ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ መሠረት፣ ረዳት አብራሪው የጭራውን መቆለፊያ የከፈተው የመንኮራኩሩ ፍጥነት ማክ 0.8 ገደማ (ማክ 1 የድምፅ ፍጥነት ነው) ሳለ ነው፤ መከፈት የነበረበት ማክ 1.4 ላይ ነበር።

ጭራው ወደ ላይ የሚታጠፈው መንኮራኩሩ ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፦ መቆለፊያውን መክፈት፣ ከዚያም ማጠፍ። የማጠፊያውን እጀታ ማንም አልነካም። ነገር ግን በድምፅ ፍጥነት አካባቢ አየሩ ጭራውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቁልፉ ከተፈታ በኋላ የማጠፊያው ጉልበት ብቻውን ሊይዘው አልቻለም። አንድ ሰው ቢሳሳት የሚያግድ ነገር አለመሠራቱን ቦርዱ ተችቷል፤ ለእኛም ዋናው ጉድለት ይኸው ነው።

መንኮራኩሩን «ሙሉ በሙሉ ዳግም የሚበር» ማለታችንም ልክ አልነበረም። ጠጣሩ ነዳጅ ከነመያዣውና ከጭስ መውጫው ጋር ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ በአዲስ ይተካ ነበር።