ተክላችሁ ለምትሄዱ

ወገኖች ሆይ፣ በየክረምቱ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሳችሁ ተራራ ትወጣላችሁ። ሱፐርማርኬቱ “በግዢዎ ዛፍ እንተክላለን” ብሎ ከበጎ አድራጎት ማኅበር ጋር ይፈራረማል፣ ችግኝ በአይሱዙ ይጫናል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቀትር ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ደግሞ ቁጥር ወደድን። የተተከለውን እንጂ የጸደቀውን ግን አንቆጥርም። ማፈር ያለብን በዚህ ነው።

ብዙ ችግኝ በዚያው በተከላው ዕለት በምትሠሩት ስህተት ይሞታል። ከነፕላስቲኩ የምትቀብሩት አላችሁ። ሥሩ መውጫ ሲያጣ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ለጊዜው ለምልሞ ያታልላችሁና ኋላ ይደርቃል ወይም ነፋስ ይገነድሰዋል። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት፣ አፈሩን በመዳፍ ደግፋችሁ አውጡት፤ ታች የተጠቀለለ ሥር ካለ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡለት። አፈሩ በእጃችሁ የሚፈርሰው ችግኙ ከመጫኑ በፊት ውኃ ስላልጠገበ ነው። ፕላስቲኩንም ለቅማችሁ ይዛችሁ ውረዱ፤ ከብት ይበላዋል።

ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ የሚቆፈረውም ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ከምሩ፤ ስትሞሉ ጥቁሩ ቀድሞ ይግባ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን። ጠልቆ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይጋለጣል። አፈሩን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት፣ በሥሩ ዙሪያ የአየር ክፍተት ካለ ሥሩ ይደርቃልና።

ቀኑን የሚቆርጠው ዝናብ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ፕሮግራም አይደለም። አፈሩ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ካልራሰ አትትከሉ። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ደግሞ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ዝርያውስ? ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ቆላ ወስዳችሁ አትግደሉት። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ለምትተክሉ መልሱ ሩቅ አይደለም። በአቅራቢያው ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደን ገብታችሁ እዩ፤ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ የአገሩ ዛፍ ምን እንደሆነ ያሳያችኋል።

ከመቆፈራችሁ በፊት ግን ጉቶ ፈልጉ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ያገገመው በአብዛኛው በችግኝ አይደለም። ገበሬዎቹ ከብት ከልክለው፣ ከአሮጌ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመለመሉ አሳደጉት። ከአንድ ጉቶ ጠንካራ ሁለት ወይም ሦስት ቀንበጥ አስቀርቶ ሌላውን መቁረጥ ነው ሥራው። ይህ ለፎቶ አይመችም፤ ሳትመርጡት የምትቀሩትም ለዚህ ይመስለናል።

እናንተ ገንዘብ አውጪዎች፣ በጀታችሁን ሁሉ በተከላ ቀን አትጨርሱት። ለሦስት ዓመት ከፋፍሉት፤ ለጠባቂ ደመወዝ፣ በመስከረም በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ለማረም፣ ለማሟያ ተከላ። መከር ገብቶ ከብት ሲለቀቅ ጠባቂ የሌለው ችግኝ አይተርፍም። ገበሬውንም ባዶ እጁን ጠብቅ አትበሉት። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን የሚባል ባለቤትነት ያውቃል፤ ሣሩን አጭዶ የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ዛፉ ሲደርስ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ በውስጠ ደንብ ይጻፍለት። ውስጠ ደንቡ ሳይፈረም ባነር አትስቀሉ።

እናንተ ሸማቾችም፣ “በግዢዎ ዛፍ እንተክላለን” የሚል ስታዩ “ካለፈው ዓመት ስንቱ ጸደቀ?” ብላችሁ ጠይቁ። መቁጠሩ ቀላል ነው። 5 ሜትር ከ64 ሴንቲ ሜትር ገመድ በአንድ ካስማ ላይ አስራችሁ ዙሩ፤ ክቡ 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ከተተከለ በውስጡ ወደ 25 ችግኝ መኖር አለበት። መልካም የሚመስለውን ብቻ ሳትመርጡ በየስፍራው አሥር ክብ ቁጠሩ፤ አንዴ በጥቅምት፣ አንዴ በሚቀጥለው ሰኔ ዝናብ ሳይጠና። የጥቅምቱ ቆጠራ ጉድለት ካሳየ ለችግኝ ጣቢያው ያኔውኑ ንገሩት፤ ወይራና ጥድ በመደብ ላይ ብዙ ወር ስለሚቆዩ በሰኔ ትእዛዝ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።