ሰማይ አይታረስ፣ ኮንስታብል አይከሰስ

ጎረቤታችን ከፖሊስ ጣቢያ ወጥቷል፤ እንኳን ለቤቱ አበቃው። በዘጠነኛው ቀን «የስም መመሳሰል ነው» ተባለና ዋስ ጠርቶ ተለቀቀ። ዋስ የጠራው ለየትኛው ወንጀል እንደሆነ አልጠየቀም፤ ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው! ስልኩንና የጫማውን ማሰሪያ መለሱለት፤ ቀበቶው ግን አልተገኘም። በግራ እጁ ሱሪውን፣ በቀኝ እጁ የመርማሪውን እጅ ጨብጦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ» ብሎ ተሰናበተ።

ማታ በግ ታረደ። ማን እንደጋበዘው ያልታወቀ አንድ የሕግ ተማሪ «ይክሰሱ እንጂ፣ ጋሼ!» ብሎ ድግሱን ሊያበላሽ ተነሣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 2040፣ ያለ ሥልጣን የሰውን ነጻነት የነካ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ጥፋተኛ ነው ይላል፤ ይላል፣ ይላል... ዕድሜ ለሽማግሌዎቻችን፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሱትና ዝም አለ።

ልጁ ያልገባው ነገር አለ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በሕግም ተጽፎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ በጥፋት እንዳይከሰሱ ከልክሏል፤ ሚኒስትሮችን፣ የፓርላማ አባላትንና ዳኞችንም በሥራቸው ምክንያት ከመከሰስ ጠብቋል። ኮንስታብሉን ግን ረሳው። ይህን ግድፈት ያረመው ማን ነው? እኛ ነን! ያለ ምክር ቤት፣ ያለ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ አለመከሰሳቸውን ተቀብለን ለጣቢያው ተረኛ አስረከብን። ተረኛው አልጠየቀንም፤ ደግነታችን ነው።

ደግሞስ ብንከስ ምን ሊገኝ? ያው ሕግ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በጉ ብቻ ከዚያ በላይ ወጥቶበታል። እንዲህ ያለ ስሌት የሚያውቅ ሕዝብ በችሎት ደጃፍ ቀጠሮ ሲቆጥር አይውልም፤ እዳሪ እንደወጣ ሁሉ «ያለፈው አለፈ» ብሎ እጁን ታጥቦ ወደ ማዕድ ይቀርባል።

የክሱ ይርጋ፣ ማለትም መክሰስ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ 2 ዓመት ነው። ሚስቱ በማግስቱ «ቀበቶህን እንኳ ሂድና ጠይቅ» ብትለው፣ «ዘጠኝ ቀን አነሰሽ?» ብሎ ከሱቅ አዲስ ገዛ።