ለሰፈራችን ሚዛኖች የቀረበ ምስጋና

የዓለም ጤና ድርጅት ሥራ ያሳዝነኛል። አንድን አዋቂ ከልክ በላይ ወፍሯል ለማለት ኪሎውን ይመዝናል፣ ቁመቱን በሜትር ይለካል፣ ቁመቱን በራሱ ያባዛል፣ ኪሎውን ለዚያ ያካፍላል፣ 30ና ከዚያ በላይ ከመጣ ብቻ ነው "ወፍሯል" የሚለው። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይሄ ጣጣ የለብንም። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ቁልቁል አንዴ ገረፍ አድርጋ ታይሃለች፣ አለቀ። "ውይ፣ ተመችቶሃል!" ካርድ ማውጣት የለ፣ ወረፋ የለ። ውጤቱም ብሎኩ ሁሉ እየሰማ ይነገርሃል፤ የታካሚ ምስጢር ምናምን የሚባል ቢሮክራሲ እኛ ጋ አይሠራም።

ምርመራው ደግሞ አይሳሳትም። አንድ ጎረቤታችን አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ ማታ 3 ሰዓት ይመለሳል፣ የኪራይ ሐሳብ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ያገላብጠዋል። ሐኪም ቢጠየቅ እንቅልፍ ሲያጥር የሚያስርበው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ይቀንሳል፣ ጭንቀት ሲደራረብ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይነሳና ሰው ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል፣ ምናምን እያለ ያወራልሃል። ሰውዬው በየቀኑ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቦንቦሊኖ በሻይ ነው፣ ማታ ሲገባ የቀረውን ፓስታ ነው። ሰፈሩ ግን ገና ከታክሲ ሲወርድ አወቀበት። ተመችቶታል! ምቾቱን ያገኘው ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶበት የሚቀመጠው ጊዜ ይሆናል እንግዲህ።

አንድ ቀን ይሄው ሰው ደፍሮ "ሰሞኑን ምንም ደስ አይለኝም፣ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል" አለ። ጋሼ ከቁልቁል እስከ ሽቅብ አዩትና ሳቁ። "አንተ? በዚህ ሰውነት?" እንዴት ያለ ግኝት ነው! በእኛ ሰፈር ሕክምና ድባቴ የሚይዘው የከሳ ሰው ብቻ ነው። ጉንጭ ካለህ ሐሳብ የለህም። በ2010 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች በኋላ ድባቴ የሚይዛቸው ዕድል በ55 በመቶ ይጨምራል፣ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በኋላ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው በ58 በመቶ ይጨምራል አሉ። በሁለቱም አቅጣጫ ማለት ነው። ምስኪኖች! ጋሼን ቢጠይቋቸው በአንድ ሳቅ ይገላገሉ ነበር።

ምክሩማ አይነሳ። ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ "እራት ተይ"፣ "ደረጃውን እየሮጥሽ ውጪ"። ይሄን የምትመክርህ ሴትዮ ናት ቡና ላይ ደግሞ "ኧረ በሞቴ፣ ንቀኸኝ ነው?" እያለች ሦስተኛ ጉርሻ የምትሰጥህ። ሐኪምም ሚዛንም ጉርሻም በአንድ እጅ!

ከሁሉ የማደንቀው ግን በአንዲት ጎረቤታችን ላይ የተሠራውን ሥራ ነው። ለዓመታት እንቅልፍ አጥታ ኖራ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ መድኃኒት ተጀመረላት፣ መተኛት ቻለች፣ እንደ ሰው መሳቅ ጀመረች። መድኃኒቱ፣ እንደ ኦላንዛፒን ባሉ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ላይ እንደሚታወቀው፣ ኪሎ ጨመረባት። ይሄ ለሐኪሙ ተነግሮ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መቀየር የሚቻል ነገር ነበር። ሰፈሩ ግን እስከ ቀጠሮዋ አልጠበቀም። ደረጃ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር "ዱሮ እንዴት ያልሽ ቆንጆ ነበርሽ፣ ምን ነካሽ?" ተባለች። ለማንም ሳትናገር መድኃኒቱን ተወችው። ኪሎዋ ቀነሰ፣ ሌሊቱ ተመለሰባት። ሰፈሩም ወዲያው አጨበጨበ፦ "አሁን ገና ሰው መሰልሽ!"

አሁን ከቤት አትወጣም። ባለፈው የእድር ስብሰባ ስትቀር እትዬ ምርመራውን እዚያው ጨረሱት፦ "ተመችቷት ነው፣ ኮርታብን ነው።"